የበዓል ሰሞኑን «እናሳርፈው» ላሉት ጸሐፊ፦ ልጆቹ ሥራ ያግኙ እንጂ በዓሉ አይቅር

ሰሞኑን ዘመድ ወዳጁ ሁሉ እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ከቡሄ እስከ መስቀል ያለው የበዓል ሰሞን ለዛሬ ቤተሰብ አይሆንም፣ በቃ እናሳርፈው የሚል ነው። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ሆያ ሆዬና አበባየሆሽ ልመና ሆነዋል። ወጪው ከአቅም በላይ ነው። ሸክሙ የሴቶች ብቻ ነው። ልጆቹ ራሳቸው አይፈልጉትም። ውጭ አገር ያለው ወገን ቅዳሜ ጠብቆ የሚያከብረው በዓል የማስመሰል ነው። የቤተሰብ መሰባሰቡም ከፍቅር ይልቅ ቅያሜ ነው የሚያተርፈው። መፍትሔያቸው አጭር ነው፦ ለወላጅ በቴሌብር ብር ይላክ፣ ለልጅ የባንክ ደብተር ይከፈት፣ ቀኑ የእረፍት ቀን ይሁን።

ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። የደከመ ሰው የጻፈው ነው፣ ድካሙም እውነት ነው። ስለ ሴቶች ሸክም ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፣ ስለ ወጪው ያሉትንም በከፊል። መደምደሚያቸውን ግን በፍጹም አልቀበልም። በዓሉ የከበደን ሥራውን ሁሉ ለአንዲት እናት ትተን ልጆቹንም አባቶቹንም እንግዳ አድርገን ስላስቀመጥናቸው ነው። ሥራው ይከፋፈል፣ ልጆቹም ድርሻቸው ይመለስላቸው። እንደ እሳቸው ቅደም ተከተል ልሂድ።

መጀመሪያ የልመናው ነገር። ጸሐፊው ነሐሴ ገና ሲገባ ጎረምሶች ዱላ ይዘው መኪና እያስቆሙ ብር እንደሚጠይቁ፣ ያልሰጣቸውን እንደሚሳደቡ ጽፈዋል። ልክ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ እኔም አይቻለሁ፣ ደስ አይልም። ግን የቡሄ ዋዜማ ነሐሴ 12 ማታ ነው፣ በዓሉ ነሐሴ 13። ከዚያ ሳምንት ቀድሞ አስፋልት ላይ የሚቆም ጎረምሳ በዓሉን ሰበብ አደረገ እንጂ ቡሄ እያከበረ አይደለም። እሱን መከልከል ይቻላል። የሰባት ዓመት ልጅ ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ እንዳይጨፍር መከልከል ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቀው ነው የጣሏቸው።

እስቲ ልጆቹ በር ላይ ሲቆሙ ምን እየሠሩ እንደሆነ እንይ። አንዱ አውራጅ ነው፣ ሌሎቹ ተቀባይ። አውራጁ ግጥሙን በቃሉ መያዝ አለበት፣ በማያውቀው ሰው ፊት ድምፁ ሳይሰበር መቆም አለበት፣ የቤቱን ባለቤት አይቶ ለእሳቸው የሚሆን ስንኝ እዚያው መጨመር አለበት። ተቀባዮቹ ዱላቸውን እኩል መሬት መምታት አለባቸው፣ አንዱ ከቀደመ ምቱ ይበላሻል። ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ማን ይታመናል ብለውም ይጨቃጨቃሉ። ሲጨርሱ ቤቱን ይመርቃሉ፣ ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው። ማታ ደግሞ ቁጭ ብለው ይካፈላሉ። ትንሹ ልጅ እኩል ይድረሰው ወይስ ግማሽ? አውራጁ ስለደከመ ይጨመርለት? ዘግይቶ የመጣውስ? ይሄን ሁሉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ ትልቅ ሰው የለበትም። ልጅ በሰው ፊት መናገርን፣ ተራ መጠበቅን፣ አደራ መያዝን በአንድ ምሽት የሚለማመድበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም። ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ልጆቼን እልካለሁ።

ብሩን በተመለከተ ደግሞ ልጆቹን መውቀስ አይገባም። ቡሄ ላይ የሚሰጠው ሙልሙል ዳቦ ነው። ቀኑ የሚውለው ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፣ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ ቅቤም ወተትም የለም፣ ያለው ዳቦ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጌታ በደብረ ታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ በዚያ ብርሃን ምክንያት መምሸቱን ሳያውቁ ሜዳ ላይ የቆዩ እረኞች ነበሩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ለልጅ ዳቦ መስጠት የመጣው ከዚህ ነው። ዳቦውን መጋገር ትተን ብር መስጠት የጀመርነው እኛ ትልልቆቹ ነን፣ ልጁ ብር ለመደ ብለን የምንወቅሰውም እኛው። ዘንድሮ ሙልሙል ጋግሩና እዩት። ትኩስ ዳቦ የሚጠላ ልጅ አላየሁም። ከዳቦው ጋር ትንሽ ብር ቢጨመርም ምንም ክፋት የለውም።

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተስማማንበትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት የሚጠቅመው ይኖራል። የሚዞሩት የግቢው ልጆች ናቸው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሁለት ወላጆች ከኋላ ይከተላሉ፣ በሩን መክፈት የማይፈልግ ቤት አስቀድሞ ይናገራል፣ ጥበቃውም ያውቃል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከፈቀዱ ልጆቻቸው አብረው ይዞራሉ። ሴቶች ልጆችም ይጨፍራሉ፣ ድሮ የወንዶች ነበር የሚል ካለ ይበል። ከዚህ በኋላ ልመና ነው የሚል ሰው በግቢያችን አልተገኘም።

አበባየሆሽም እንዲሁ ነው። ልጃገረዶች አደይ አበባና እንግጫ ይዘው ለአዲስ ዓመት ሲጨፍሩ የሚሰጣቸው ስጦታ የምርቃቱ ምላሽ ነው። ወደ ሰሜን ብትሄዱ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እያሉ ሴት ልጆች ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ የምትውል ልጅ አጊጣ፣ ከጓደኞቿ ጋር፣ ማንም ሳይከለክላት የምትወጣበት ቀን ነው። ይሄን ልመና ብሎ ሰቆጣ ላይ የሚናገር ሰው የሚሰማው አያገኝም።

ሁለተኛው ወጪ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ልክ አላቸው። በዓል ሲቃረብ የዶሮ፣ የቅቤ፣ የሽንኩርት ዋጋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፣ ተበድሮ መደገስም ትክክል አይደለም። ግን የወጪ ዝርዝራቸውን አንድ በአንድ ሳየው ውስኪ፣ ለመላው ቤተሰብ በአንድ ጥለት የተሰፋ የሀገር ልብስ፣ ፎቶ አንሺ፣ የቤት ማስዋቢያ ነው የሞላው። ይሄ የይሉኝታ ወጪ ነው፣ ይቅር፣ እኔም እስማማለሁ። ቡሄ የሚጠይቀው ዱቄት ነው። እንቁጣጣሽ ለልጅ የሚጠይቀው ወረቀትና ቀለም ነው።

ያለ ዶሮ በዓል የለም የሚል ካለ የቀን መቁጠሪያውን ይይ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾም ነው፣ እንደ ገናና እንደ ጥምቀት አይገደፍበትም። 2017 ዓ.ም. የገባው ረቡዕ ነበር። የ2019 መስከረም 1 ደግሞ ዓርብ ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት ጿሚው ቤት በምስር፣ በሽሮና በአትክልት ያከብራል፣ ዶሮው ለማግስቱ ይቆያል፣ አዲሱ ዓመትም ይገባል። ስለዚህ ዶሮ መግዛት ያልቻለ ቤት ከበዓሉ ጎደለ ማለት አይደለም። ይሄን ለልጆች በግልጽ መንገር ጥሩ ነው።

ሥጋ ለሚፈልግም ቅርጫ አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፣ መደቡን እኩል ይካፈላል። ጉራጌ አገር የመስቀል ወጪ ድንገት አይመጣም። እናት ቅቤውን ቀደም ብላ ታጠራቅማለች፣ አባት ለበሬው ይቆጥባል፣ ወጣቶቹ እንጨቱን ይፈልጣሉ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ሱቁን ዘግቶ አገር ቤት ለመግባት ዓመቱን ሙሉ ያስባል። እንዲህ የተዘጋጀ በዓል ዕዳ ሆኖ አይመጣም። ከጥቅምት ጀምሮ ትንሽ እቁብ መጣል ለከተማ ሰውም ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ሸክሙ የሴቶች ነው የሚለው፣ እውነት ነው። ምንም የምጨምረው ማስተባበያ የለኝም። ሽንኩርቱን የምትከትፈው እሷ፣ ቁሌቱን ሰዓታት ቆማ የምታማስለው እሷ፣ ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግማ የምታጥበው እሷ፣ ድፎውን የምትጋግረው እሷ፣ ቡናውን የምታፈላው እሷ፣ ሁሉም በልቶ ሲሄድ ሳህኑን የምታጥበውም እሷ። ብዙ ጊዜ ጠዋት ወጥታ ቢሮ የምትሠራ ሴት ናት፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። የቤት ሠራተኛ ባለበት ቤትም ሠራተኛዋ በዓሉን ከእናትና አባቷ ርቃ ምድጃ ላይ ታሳልፈዋለች፣ ይሄን ጸሐፊው አላነሱትም፣ መነሳት ነበረበት።

ታዲያ ከዚህ ተነስቶ በዓሉ ይቅር ማለት ምን ማለት ነው? እናቶቻችን እስከ ዛሬ የለፉበትን ነገር፣ እኛ ማገዝ ስላልፈለግን እንዝጋው ማለት ነው። እኛ ቤት ይሄን ጉዳይ ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። ዶሮውን ማረድ ብቻ ሳይሆን መበለቱንም፣ ማጠቡንም ወንድሞቼ ወሰዱት። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንደሚወጣው ያወቁት ያኔ ነው፣ የቱ ከየት እንደሚለይ እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሳየቻቸው። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የተቀቀለ እንቁላል መላጥ፣ ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ ፈንድሻ ማዞር የልጆች ነው። ሳህን የሚያጥበው ያልወጠወጠ ሰው ነው። ሌሎች ዘመዶች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ሠርተው ይዘው ይመጣሉ፣ ዳቦው ከአንዱ ቤት፣ አትክልቱ ከሌላው። እማዬ በዚያ ዓመት አቦሉን ተቀምጣ፣ ሳትነሳ፣ እየተጫወተች ጠጣች። ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

አራተኛው፣ ልጆች አይፈልጉትም የሚለው፣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው ልጆቻቸው እንቁጣጣሽ ዕለት ሶፋ ላይ ስልክ ይዘው እንደዋሉ፣ ቡና ሲፈላ እንኳ ቀና እንዳላሉ ጽፈዋል። በጽሑፉ ውስጥ ግን ለልጆቹ የተሰጠ አንድም ሥራ አላገኘሁም። አዲስ ልብስ ተገዛላቸው፣ ለበሱ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ልብሳችሁን እንዳታቆሽሹ ተባሉ፣ ተቀመጡ። እንዲህ የተቀመጠ ልጅ ስልክ ቢያነሳ ምን ይገርማል?

ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ዝናቡ ልጆችን ቤት የሚያስውልበት ወር ነው። ለዚህ ወር ደግሞ ሰሞኑ የሚሰጠው ሥራ ብዙ ነው። ከቡሄ በፊት ጅራፍ መግመድ አለ። ቃጫውን ከወፍራም ጀምሮ ወደ ጫፉ እያቀጠኑ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ማጮሁ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ። ግጥሙን ማጥናት አለ፣ የድሮውን ከአያት መጠየቅ፣ የራስን መጨመር። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ከጣለ ልጆች ወጥተው ይታጠቡበታል፣ ሩፋኤል አሳድገኝ እያሉ ይዘላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ፎጣና ትኩስ ሻይ ነው። ልጅ ይታመማል ብሎ የሚፈራ ወላጅ አለ፣ እረዳዋለሁ፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ ዝናብ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ደረቅ ልብስ የለበሰ ልጅ ምንም አይሆንም።

ከዚያ የአበባ ሥዕሉ ይመጣል። ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ይሰጣሉ። አሁን ታትሞ የሚሸጠውን ገዝተው የሚያዞሩ በዝተዋል። ጸሐፊው በዚህ አዝነዋል፣ እኔም አዝናለሁ። ግን ይሄን የምናስተካክለው ተቀባዮቹ ነን። የታተመ ይዞ ለመጣ ልጅ በእጅህ ሠርተህ አምጣልኝ፣ እጠብቅሃለሁ ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት ወረቀትና ቀለም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሥዕሉ የሚሰጣቸውን ሰዎች ዝርዝር ልጁ ራሱ ያውጣ፦ አያት፣ ጥበቃው፣ ባለሱቋ፣ የአምና አስተማሪው። ለማን ምን ልሣል ብሎ ሲያስብ ያ ሰው ምን እንደሚወድ ማሰብ ይጀምራል። የተሰጠንንም ግድግዳ ላይ እንለጥፈው። ብር ሰጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ የሚረሳ ሰው ልጁ ያየዋል።

መስቀል ደግሞ የእንጨት ሥራ ነው። ትልቁ ደመራ መስቀል አደባባይ ይደመር እንጂ መስከረም 16 ማታ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አለው። ልጆች ከቀናት በፊት እንጨት ይሰበስባሉ፣ ችቦ ያስራሉ፣ አደይ አበባ ይለቅማሉ። እሳቱን የሚይዘው ትልቅ ሰው ነው፣ ውሃና አሸዋ አጠገብ ይቀመጣል፣ ይሄ ላይ ቀልድ የለም። ደመራው ወደየት ወደቀ የሚለው ክርክር ግን የልጆቹ ነው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሊከራከሩበት ይችላሉ።

አምስተኛው ላይ፣ ስለ ውጭ አገሩ ወገን የጻፉት፣ ተቆጥቻለሁ። ቅዳሜ የሚከበር እንቁጣጣሽ ማስመሰል ነው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ሃሎዊንና የፈረንጆቹን ገና ቢያከብሩ ይበቃቸዋል ብለዋል። እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። መስከረም 1 እዚያ ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 12። ትምህርት ቤት ገና ተከፍቷል፣ ሥራ አለ። ከዚያም በላይ ሴፕቴምበር 11 ለአሜሪካ የ2001ዱ ጥቃት የሚታሰብበት የሐዘን ቀን ነው፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ስለዚያ ሰምተው ነው ወደ ቤት የሚመጡት። ቤታቸው በዓል ነው፣ ትምህርት ቤታቸው ሐዘን ነው። ይሄን ለልጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም፣ እህቴ ግን ታስረዳቸዋለች። ጠዋት አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ለእያንዳንዳቸው አበባና ዳቦ ትሰጣለች፣ እንኳን አደረሳችሁ ትላለች፣ ቀኑን በቀኑ ያውቁታል። ድግሱ ቅዳሜ ይሆናል። አደይ አበባ ስለሌለ ከሱፐርማርኬት ቢጫ አበባ ትገዛለች፣ ለቄጠማ ከጓሮ ረጅም ሣር ታጭዳለች፣ ሌሎች የአበሻ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሴት ልጆቹ ግማሹን ቃል እየሳቱ አበባየሆሽ ይጨፍራሉ። ማስመሰል ይሄ ከሆነ እንግዲህ እውነተኛው የቱ ነው?

ሃሎዊንን ካነሱት አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅ። ኦክቶበር 31 ማታ የአሜሪካ ልጆች ልብስ ቀይረው በር እያንኳኩ ከረሜላ ይጠይቃሉ። ጸሐፊው ይሄን ጤናማ የልጆች ጨዋታ ብለው አሞግሰውታል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሆያ ሆዬ ልመና ተብሏል። ሁለቱም በር ያንኳኳሉ። እንዲያውም የእኛዎቹ ጨፍረው፣ ቤቱንም መርቀው ነው የሚሄዱት። እኔ ሃሎዊንን አልቃወምም፣ የእህቴ ልጆችም ከጓደኞቻቸው ጋር ይወጣሉ፣ ይገባቸዋል። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግን አያስፈልግም፣ ልጅ ሁለቱንም ይይዛል።

ቦታውና ቀኑ ሲለወጥ በዓሉ ሐሰት ይሆናል ለሚሉትም የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ስግድ ማየት ይበቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ማኅበረሰቡ ጾሞ ተራራ ወጥቶ ይጸልይበት የነበረ በዓል ነው፣ ከዮም ኪፑር፣ ከአይሁድ የማስተሰረያ ቀን፣ በኋላ በሃምሳኛው ቀን። እስራኤል ከገቡ በኋላ ያ ተራራ አልነበረም። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ አርሞን ሃናጺቭ በተባለው፣ እየተሰበሰቡ ቀጠሉበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ፓርላማ በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። የመጀመሪያዎቹ ወላጆች እዚህ ተራራችን የለም፣ በቃ ይቅር ቢሉ ኖሮ የዛሬ ልጆች የሚወርሱት አይኖርም ነበር።

የመጨረሻው የጠቡ ነገር ነው። ዘመድ ሲሰበሰብ መቼ ነው የምታገቢው፣ ለምን አትወልዱም፣ ደሞዝህ ስንት ደረሰ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ፣ የድሮ የውርስ ቅያሜ እንደሚነሳ ጽፈዋል። ይሄ የብዙ ቤት እውነት ነው፣ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ተጎድተው በዓል የሚፈሩ ሰዎች አውቃለሁ። ለነሱ የምለው፣ የሚጎዳችሁን ሰው ለመታገሥ ግዴታ የለባችሁም። ጥያቄውን የሚያቆም ታላቅ ሰው በየቤቱ መኖር አለበት፣ ዛሬ ይሄ አይነሳም የሚል። መከባበሩ ካለ ይሄን አጎት ወይም አክስት ቢሉት ይሰማል። በተረፈ ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይለዝባል። ሽንኩርት እየከተፉ፣ ችቦ እያሰሩ የሚጫወቱ ዘመዳሞች ፊት ለፊት ተፋጠው ከተቀመጡት ያነሰ ነው የሚጣሉት።

ደግሞ በዓሉ የማስታረቂያ ጊዜም ነው። በጋሞም በጉራጌም መስቀል ሳይገባ የተጣላ ይታረቅ የሚል የቆየ ልማድ አለ። ሽማግሌው ያንን ቀን ተጠቅሞ ነው ሁለቱን የሚያቀራርበው፣ ቀኑ ከሌለ ምን ብሎ ይጠራቸዋል?

ጸሐፊው ያልነኩት አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱም ሐዘን ያለበት ቤት ነው። ሰው የሞተበት ቤተሰብ የመጀመሪያዋ በዓል ከባድ ናት። ዶሮ አይታረድም፣ ዘፈን አይከፈትም። የእኛ ሰው ያን ቀን ያንን ቤት ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ምግብ ይዞ ይሄዳል፣ ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ልጆቹ ሌላ ቤት ተወስደው ከሌሎች ልጆች ጋር ይጫወታሉ። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ስንት ቤት እንዲህ ሆኗል። በቴሌብር የተላከ ብር ለእንዲህ ያለ ቤት ይጠቅማል፣ ግን ከሟቹ ባዶ ወንበር ጎን አይቀመጥም።

ስልክና ገንዘብ ብቻ የቀረላቸውን ሰዎችም እናስብ። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እናቶች እንቁጣጣሽ ዕለት ፈቃድ የላቸውም። ብሩን ይልካሉ፣ ማታ ሥራ ሲጨርሱ ይደውላሉ፣ ልጃቸው አያቱ ቤት የሣለውን አበባ በስልክ ካሜራ ያሳያቸዋል። መሰባሰብ የሚችለው ሰው በፈቃዱ እንደ እነሱ ይሁን ሲባል ስሰማ ይከብደኛል። እነሱ መምጣት ቢችሉ ነገ ይመጡ ነበር።

የባንክ ደብተሩ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እሱን እወስዳለሁ። ልጆቹ ከሆያ ሆዬና ከአበባ ሥዕል የተካፈሉትን ራሳቸው ሄደው ያስገቡበት፣ ሁሉንም ሳይሆን የወሰኑትን ያህል። ለወላጅ የሚላከውም ብር ይላክ፣ በተለይ ቀደም ብሎ፣ ዋጋ ሳይጨምር ገበያ እንዲወጡበት። ከዚያ ቀኑ ሲደርስ ልጆቹን ይዞ መሄድ ነው። ጸሐፊው አዲስ አበባ ካሉና ዘንድሮ የሚሄዱበት ከሌላቸው ደግሞ መስከረም 16 ወደ ሰፈራችን ደመራ ቢመጡ ደስ ይለናል። ልጆቻቸውን እንዳይቆሽሽ የሚሳሳለት ልብስ አያልብሷቸው፣ እንጨት የሚሸከም ልጅ ሁልጊዜ ያጥረናል።